መብራት ሲጠፋ የሚጠራው ሬዲዮ
ግልጽ ደብዳቤ፦ ስለ ሬዲዮ ሞገድና ማሰራጫ ለምትወስኑ ሁሉ

ጤና ይስጥልን።

ይህን የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። «ነበርኩ» ብል ሳይሻል አይቀርም። ዛሬ የሱቄን ኪራይ የሚከፍልልኝ የስልክ ስክሪንና ቻርጀር ነው። ሬዲዮ ግን አሁንም በሳምንት ሁለት ሦስት ይመጣልኛል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፉኝም እነሱ ናቸው። ጉዳዬ ኤ ኤም ሬዲዮ ሳይነገረን እንዳይዘጋብን ነው።

መጀመሪያ ስለ አጠራር ልናገር። ድሬ ላይ አንቱታ አልለመደብንም። ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» ነው የምንለው፤ የሚቀየም የለም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። በወሩ እሱም እንደኛ ይሆናል። ለመሥሪያ ቤት ሲጻፍ ግን እንዲህ አይሆንም። ደግነቱ ጉዳዩ የብዙ ሰው ነው። ሞገድ የሚመድበው አንድ ነው፣ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ፣ ምሰሶውን የሚጠብቀው ሌላ። ስለዚህ «እናንተ» ብዬ ተገላግያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ከደጋው፣ ከደንገጎ በላይ ካለ መንደር ወርዶ ሱቄ መጣ። ወደ ማታ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ዘመድ ቤት ሊያድር ነው። የያዘው ባለ ሦስት ባንድ ሬዲዮ፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ። አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ ተቀጥሏል። የባትሪ ድንጋዩ መክደኛ ጠፍቶ በላስቲክ ታስሯል። «ድምፁ ጠፋ» አለኝ።

ከፈትኩት። ስፒከሩ ደህና ነው። ኤፍ ኤም ላይ ሳደርገው ዘፈኑ ሱቁን ሞላው። «ይኸው ይሠራል» አልኩት። «እሱ የሚሠራው ከተማ ነው» አለኝ። «እኛ ጋ ሲወጣ ይሞታል። እኔ የምፈልገው ያኛውን ነው።» ያኛው ያለው ኤ ኤሙን ነው።

ወደ ኤ ኤም አዞርኩት። ዝዝዝዝ ብቻ። የንብ ቀፎ ያስገባሁበት ይመስላል። የውስጡን ጥቅል ሽቦ አየሁ፤ አልተበጠሰም። ብየዳውን ነካካሁ። መርፌውን ከዳር እስከ ዳር ወሰድኩት። ምንም የለም። ሽማግሌው እጁን አጣጥፎ ያየኛል። «ተወውና ነገ ና» ልለው አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ።

የሰፈሩ ሁሉ ነው የጠፋው። ቬንትሌተሩ ቆመ፣ አምፖሉ ጠፋ፣ የጎረቤቴ ፍሪጅ ዝም አለ። ያን ጊዜ ሬዲዮው አፉን ከፈተ። መጀመሪያ አረብኛ መጣ። መርፌውን ትንሽ ገፋ ሳደርገው አፋን ኦሮሞ። ጥርት ብሎ፣ እንደ ድሮው። ሽማግሌው በጨለማ ውስጥ ሳቀ። «የተበላሸው ሱቅህ ነው እንጂ ሬዲዮዬ አይደለም» አለኝ። ሒሳብ አልተቀበልኩትም። እውነቱን ነዋ።

ምክንያቱን ለማታውቁት ላስረዳ፤ የምታውቁት ታገሡኝ። ኤ ኤም ድምፅን የሚሸከመው በሞገዱ ጉልበት ከፍና ዝቅ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚረብሸውም ይህንኑ ጉልበት ነው። መብረቅ ሲመታ ሬዲዮው «ጧ» የሚለው ለዚህ ነው። ርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሶላር ኢንቨርተር ውስጣቸው በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበራ እያጠፋ ነው የሚሠራው። እያንዳንዳቸው ትንንሽ የጩኸት ማሰራጫ ናቸው በሉት። ኤፍ ኤም ግን ድምፁን የሚሸከመው በድግግሞሹ መለዋወጥ ስለሆነ ይህ ጩኸት ብዙም አይነካውም። ከተማ ውስጥ ኤፍ ኤም ጥርት የሚለው፣ ሙዚቃም የሚያምርበት ለዚህ ነው። አልክድም። እኔም ቀን ቀን ሱቄ የምከፍተው ኤፍ ኤም ነው፣ በተለይ በበርጫ ሰዓት።

ኤፍ ኤም ግን የሚሄደው ዓይን እስከሚያይ ነው። የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ተራራ ሲገጥመው ይቀራል። የመካከለኛው ሞገድ፣ ማለትም ይህ ሁላችንም ኤ ኤም የምንለው፣ ከ187 እስከ 565 ሜትር ይረዝማል። መሬቱን ይዞ፣ ኮረብታውን ታኮ ይሄዳል። ሌሊት ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ከምድር ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ የምትሠራው አንድ ሽፋን አለ። ቀን ቀን ሞገዱን ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሽፋኑ ይጠፋል። ሞገዱም ከዚያ በላይ ያለውን ሌላ ሽፋን መትቶ ወደ ምድር ይመለሳል። ድሬ ላይ ማታ የጅቡቲ፣ የየመን፣ የሳውዲ ጣቢያ እንደ ጎረቤት የሚገባው በዚህ ነው። ልጆች ሆነን የመርፌው ቦታ እንጂ የአገሩ ርቀት ትዝ አይለንም ነበር።

የኛን አገር አቀማመጥ አስቡት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ናት። ሐረር 1900 ገደማ። መካከላቸው ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ግን ሽቅብ ነው፣ ጥምዝምዝ ነው፣ ገደል ነው። በዚያ መንገድ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ የሰማ ሰው ያውቀዋል። አንድ ጥምዝ ላይ ዘፈኑ አለ፣ ቀጣዩ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ ሌላ ጣቢያ ላዩ ላይ ይወጣበታል። ሹፌሩ ተናዶ ፍላሽ ይሰካል። ከየጥምዙ ጀርባ ያሉትን መንደሮች ግን ማንም ፍላሽ አይሰካላቸውም። በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ባቡሩ መስመር ውረዱ። ሁርሶ፣ ኤረር፣ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ። ሜዳ ነው፣ ሰው ተበታትኖ ነው የሚኖረው፣ ግመሉን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። ለዚያ ሁሉ ሜዳ በየቦታው የኤፍ ኤም ምሰሶ ለመትከል የሚደፍር ነጋዴ አላየሁም። ማስታወቂያ የሚያሠራለት ማነው?

ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። መጋላ ውስጥ አንድ በር ሱቅ ነበረችው። ሬዲዮው ከጅቡቲ በባቡር ነው የሚመጣው። የቀረጥ ወረቀት ያለውም የሌለውም ነበር፤ እሱን ተዉት። አጎቴ ሬዲዮ ሲሸጥ ለገዢው የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ድንጋዩን ቆጥበህ ተጠቀም።» ድንጋይ ውድ ነበር። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን መልሰን እንከተው ነበር። ድሬ ፀሐይ ሞልቷታል አይደል? ለአንድ ምሽት ዜና ይበቃል። አንዳንዱ በጥርሱ ነክሶ ሲያጠነክረው አይቻለሁ። ይሠራ ነበር፣ ጥቂት።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያው ጦርነት ድሬ ድረስ ሲመጣ እኔ ሕፃን ነበርኩ። ትዝ የሚለኝ ብርድ ልብስ ነው። አጎቴ ሬዲዮውን ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብቶ፣ ጆሮውን ለጥፎ፣ መብራት አጥፍተን። አንዴ የአገር ቤቱን፣ አንዴ የሞቃዲሾውን ያዞራል። ሁለቱም አሸነፍን ይላሉ። አጎቴ መሐሉን ይገምታል። እናቴ ደግሞ የአጎቴን ፊት አይታ ትገምታለች።

13 ዓመት ሲሞላኝ ያለ ድንጋይ የሚናገር ሬዲዮ ሠራሁ። ቀልድ አይደለም። የካርቶን ጥቅል ላይ ሽቦ ትጠመጥማላችሁ። አንድ ዳዮድ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ። ረጅም ሽቦ ጣራ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ቧንቧ ላይ። በቃ። ባትሪ የለውም፣ ሶኬት የለውም። የሚሠራበት ጉልበት ራሱ ሞገዱ ይዞት የሚመጣው ነው። ድሬ ላይ ብዙም አልሆነልኝም። በክረምት ሐረር አክስቴ ቤት ሄጄ ጣራዋ ላይ ስዘረጋው ግን ሰውየው ጆሮዬ ውስጥ ዜና አነበበ። ማሰራጫው ቅርብ ነዋ። አክስቴ የምትጠጣውን ሆጃ ትታ መጣችና አንዱን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «ይኼ ሰውዬ ምን ይበላል?» አለችኝ። ምንም አይበላም አልኳት። አላመነችኝም። ሽቦው ቧንቧዋን እንዳያበላሽባት ፈርታ በማግስቱ አስነቀለችኝ።

ይህን የማወራው ለትዝታ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ትዝታም ቢሆን ነውር የለውም። ኤ ኤም ከሌላው ሁሉ በተለየ ተቀባዩ ቀላል ነው። ለድሃ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከባዱ ሥራ ማሰራጫው ላይ ነው የሚቀረው። ከባዱን ደግሞ መንግሥት ይሸከመዋል፣ ቀላሉን ገበሬው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከፊሉ እውነት ስለሆነ እኔው ልበላችሁ።

ኤ ኤም መብራት ይበላል። 100 ኪሎዋት የሚያወጣ ማሰራጫ ከ100 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ከዚያ ውስጥ ድምፁ ሙሉ ሲሆን እንኳ ሁለት ሦስተኛው የሚሄደው ምንም መልእክት በሌለው ተሸካሚ ሞገድ ላይ ነው። አህያው ከጭነቱ በላይ የሚበላ ማለት ነው። ምሰሶውም አጭር ነገር አይደለም። ራሱ ምሰሶው አንቴና ነው፤ ከ70 ሜትር በላይ መቆም አለበት። ከሥሩ ዙሪያውን መዳብ ሽቦ ይቀበራል። መዳብ ደግሞ ምን እንደሚደርስበት ለድሬ ሰው አይነገርም። የድሮዎቹ ማሰራጫዎች በትልልቅ ቲዩብ ነው የሚሠሩት፣ መለዋወጫው እየጠፋ ነው። ወጣቱ አይሰማም። ስልኩ ኤፍ ኤም ቢኖረው ነው፣ ኤ ኤም የለውም።

ዓለምም እየዘጋ ነው ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ጀርመንና ፈረንሳይ የሕዝብ ሬዲዮዎቻቸውን የመካከለኛ ሞገድ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ዘጉ። ኔዘርላንድስ በዚያው ዓመት። ጃፓን ውስጥ ከ47ቱ የግል የኤ ኤም ጣቢያዎች 44ቱ እስከ 2028 ወደ ኤፍ ኤም ለመዞር ማሰባቸውን በ2021 አሳወቁ። ኖርዌይማ በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤምም አውጥታ ዲጂታል አድርጋለች። ስለዚህ የኤፍ ኤም ሰዎች ብዙ አትሳቁብን።

ግን እነዚህ አገሮች ሲዘጉ በምትኩ ሌላ ይዘው ነው። መብራታቸው አይጠፋም። ስልካቸው ኔትወርክ አለው፣ ጋራው ላይም። እኛ ጋ የሚዘጋው ነገር በምን ይተካል? በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ከሱቄ ጎን ያለው ኪዮስክ ድንጋይ ጨረሰ። ዓመቱን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ድንጋይ ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም.፣ አንድ የባሕር ማዶ ጣቢያ በአጭር ሞገድ ድንገት ዝም ሲል ደግሞ አራት ሰው በአንድ ሳምንት ሬዲዮ ይዞልኝ መጣ። «ተበላሸብኝ» ብለው። አንዱ ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ መጣ፣ በደንብ አላየኸውም ብሎ። የነገረው ሰው አልነበረማ። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። መዘጋቱን ሳይሆን ሳይነገር መዘጋቱን።

ድሬ ቀስ ብሎ የሚጠፋ ነገር ታውቃለች። ሐዲዱ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከተማዋን የወለዳት እሱ ነው። የድሮው ባቡር ሲያቆም ግን «ከዛሬ ጀምሮ የለም» ተብሎ አልተነገረንም። መጀመሪያ ዘገየ። ከዚያ ቀን ዘለለ። ከዚያ ሳምንት። ሰው ለገሃር እየሄደ ይመለስ ነበር። አዲሱ ባቡር መጥቷል፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ደስ ይላል። ጣቢያው ከከተማ ውጪ ነው እንጂ። የድሮው መስመር ላይ የነበሩ ትንንሽ ጣቢያዎች ውስጥ ሻይና እንቁላል ይሸጡ የነበሩት ሴቶች ግን ወዴት እንደሄዱ የጠየቀ የለም።

አሜሪካኖቹ እንኳ፣ ያ ሁሉ ሳተላይት እያላቸው፣ በዚህ ጉዳይ ተጨቃጭቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ፎርድ ከአዳዲስ መኪኖቹ ኤ ኤም ሬዲዮን ላስወጣ ነው አለ። ምክር ቤቱ ጮኸ። በወሩ ፎርድ ሐሳቡን ቀየረ። ምክንያታቸው ዘፈን አይደለም። አደጋ ሲመጣ ሕዝቡን የሚያስጠነቅቁበት 77 ገደማ የተመረጡ ጣቢያ አላቸው፣ አብዛኛው ኤ ኤም ነው። በነዚያ ብቻ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ሕዝብ ይደርሱታል። ፎርድ ለምን ማውጣት ፈለገ? አንዱ ምክንያት የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና ኢንቨርተር ኤ ኤምን ስለሚረብሽ ነው። ጩኸቱን መከላከል ይቻላል፤ ወጪ ነው እንጂ።

ይህ ነገር እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተወስኗል። ስለዚህ አሁን የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ከጅቡቲ ሲመጣ ደግሞ በደጃችን ነው የሚያልፈው። ባለፈው አንድ ታክሲ ነጂ አዲሷን መኪናውን ሱቄ ፊት አቆመ። ስክሪኗ የኔን ጠረጴዛ ያህላል። «አቦ፣ ኤ ኤሙን አውጣልኝ፣ አባቴ ሲሳፈር ይፈልገዋል» አለኝ። ፈለግኩ። የለም። ከነጭራሹ አልተሠራላትም። ካሜራ አላት፣ የሚሞቅ ወንበር አላት። ለድሬ የሚሞቅ ወንበር! ኤ ኤም የላትም። የመኪና ደረጃ የምታወጡ ሰዎች ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁት፣ አንድ መስመር ብትጨምሩ ምን ይጎዳችኋል?

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ። መጻፍ ከብዶኝ ወደ ኋላ ያቆየሁት ነው።

ደቻቱ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት። ውሃው የመጣው ከላይ፣ ከደጋው ነው። ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ ነው ሲባል ይስቃል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ይነግድበታል፣ መኪና ይሻገረዋል። ያን ሌሊት ግን ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ሰው ተኝቶ ነበር። እኔ የምተኛው ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ድምፁን ነው የሰማሁት። ባቡር መስሎኝ ነበር።

ያን ሌሊት ሬዲዮ ማንንም አላዳነም። ይህን እኔ ራሴ ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳያነሳብኝ። በዚያ ሰዓት ሬዲዮ የከፈተ ሰው አልነበረም። ቢከፍትም «ከላይ ውሃ እየመጣ ነው» የሚል አልነበረም። ምሰሶ ብቻውን ሰው አያድንም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ውሃ ከደንገጎ ወገን ተነስቶ ድሬ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። ብዙ አይደለም፣ ግን ልጅ አቅፎ ለመውጣት ይበቃል። ላይ ያለው ሰው ዝናቡን ያያል። ታች ያለው አያይም። ላይኛውን ከታችኛው የሚያገናኝ፣ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ፣ ጋራ የማያግደው ድምፅ ምንድነው? ዝናብ ሲከብድ መጀመሪያ የሚሄደው መብራት ነው። ቀጥሎ ኔትወርኩ፤ ምሰሶው ላይ ያለው ባትሪ እስኪያልቅ ነው የሚቆየው። ያን ጊዜ ነው፣ ያ ሽማግሌ ሱቄ ውስጥ እንደሳቀው፣ ኤ ኤም የሚጠራው። ሁሉም ነገር ሲጠፋ እሱ ይጠራል። ሌላ እንዲህ ያለ ዕቃ በ40 ዓመት ሙያዬ አላየሁም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም።

ሐረር፣ ገጃ፣ መቱ ትልልቅ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ የተተከለባቸው ቦታዎች ናቸው። የትኛው በምን ያህል ጉልበት፣ በስንት ሰዓት እንደሚሠራ በግልጽ ጻፉልን። የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍም ይበቃኛል። ደንበኛዬ «ሬዲዮዬ ነው ወይስ ጣቢያው?» ሲለኝ መልስ ይኖረኛል። አሁን ያለኝ መልስ «መብራት እስኪጠፋ ጠብቅ» ነው፤ ይህ የባለሙያ መልስ አይደለም።

ለመዝጋት ካሰባችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ጠይቁን። አደራ፣ በቴሌግራም አትጠይቁ። ኤ ኤም የሚሰማው ሰው ቴሌግራም የለውም፤ ውጤቱ «ማንም አይሰማም» የሚል ይሆናል። ሰው ላኩ። ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ይቁም፣ በአፋን ኦሮሞም በሶማሊኛም ይጠይቅ። ሌላው አይሻ ይሂድ። ሌላው ደንገጎ ይውጣ፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ከጥምዙ ጀርባ ይደር። ራሱ ሬዲዮ ይዞ ይሂድ፤ ቀን ምን ይገባል፣ ሌሊት ምን ይገባል ብሎ ይጻፍ። እኔ አበድራለሁ ሬዲዮውን። መደርደሪያዬ ላይ ባለቤት የጠፋባቸው ዘጠኝ አሉ።

ወጪው ከከበደ ደግሞ ጨርሶ ከመዝጋት መሐል መንገድ አለ። አዳዲሶቹ ማሰራጫዎች በቲዩብ ሳይሆን በትራንዚስተር ነው የሚሠሩት፣ መብራት ይቆጥባሉ። አናጋሪው ዝም ሲል የተሸካሚውን ሞገድ ጉልበት በራሳቸው የሚቀንሱ አሉ። እሱም ካልሆነ ሰዓቱን ቀንሱት። ቀኑን ለኤፍ ኤም ተዉለት፣ ዘፈኑንም ማስታወቂያውንም ይውሰድ። ለእኛ ማታና ሌሊቱን ስጡን። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ሌሊቱን አንድ ሰው ነቅቶ ይደር፣ ስልክ በእጁ፣ ከደጋው ሲደወልለት ዘፈኑን አቋርጦ መናገር የሚችል። ፈቃድ ለማግኘት እስከ ጠዋት የሚጠብቅ ሰው ከሆነ ግን ይተኛ፤ ለውጥ የለውም።

ዲጂታል እናደርገዋለን የምትሉም አላችሁ ሲባል ሰምቻለሁ። በዚያው በኤ ኤም ሞገድ ዲጂታል መላክ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ድምፁም ያምራል ይላሉ። ጥሩ። ግን የሽማግሌው ሬዲዮ አይቀበለውም። አዲስ መግዛት አለበት። ዋጋውን መጀመሪያ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የምንለው ገበያ ሄዳችሁ ጠይቁና ከዚያ እንነጋገር።

በጽሑፍ ሳይሆን በጆሯችሁ መስማት ከፈለጋችሁ ደግሞ ኑ። ከዚራ መጥታችሁ ሬዲዮ ጠጋኙን ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ከማታ 1 ሰዓት በኋላ ብትመጡ ይሻላል። መብራት ከጠፋ ጥሩ፣ ካልጠፋ ቆጣሪውን እኔ አወርደዋለሁ። ሽማግሌውም በየሁለት ሳምንቱ ድንጋይ ሊገዛ ይወርዳል፤ ቀኑን ከነገራችሁኝ አስጠብቀዋለሁ። «አንተ» ቢላችሁ እንዳትቀየሙ።

ቀን ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ግን እንዘጋለን። ሙቀት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የከዚራ ሬዲዮ ጠጋኝ